ነቀርሳ የሚያሠጋው ቤተ ሰብና የሕይወት ኢንሹራንስ

በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ሰው በቤቱ ውስጥ ስማቸውን ለመጥራት የማይወድዳቸውን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ አምጥተን እናቀርብላችኋለን። አንደኛው ሞት ነው፤ ሁለተኛው የቀድሞ ሰዎች ነቀርሳ፣ የዛሬ ሐኪሞች ካንሰር የሚሉት ደዌ ነው። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ የሚያገናኛቸው የሕይወት ኢንሹራንስ ወይም የሕይወት መድን የሚባለው ውል ስለ ሆነ፣ ነገሩ ደስ የማያሰኝ ቢሆንም ልንሸሸው አልወደድንም።

በደፈናው እንዳንናገር ጉዳዩን በአንድ አገር ላይ አቁመን እንመልከተው፤ ያም አገር ሲናና ነው። ሮቤና ጎባ ባሉበት በዚህ በባሌ ደጋ ስንዴና ገብስ ዓይን እስኪደክም ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። ምድሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል፤ ሁለቱን የአዝመራ ወራት የአገሩ ሰው በኦሮምኛ «ገና» እና «ቦና» ይላቸዋል (ገና ስንል የልደትን በዓል ማለታችን አይደለም)። እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመው የሲናና የእርሻ ምርምር ማዕከልም የተሻለ ዘር እያወጣ ገበሬውን ሲረዳ ኖሯል። በዚህ አገር የሚኖር አስተዋይ አባ ወራ ስንዴውን ዋግ እንዳይመታው መድኃኒት ይረጫል፤ ዝናም ሳይቀድመው እንዲሰበስብ ኮምባይነር አስቀድሞ ይከራያል፤ ለማዳበሪያ ይበደራል፤ ልጁን በመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከዚያ ርቆ ያስተምራል። ይህ ሁሉ ግን በአንድ ሰው ጉልበትና ብልኀት ላይ የቆመ ነው። ያ ሰው ቢጎድል ብድሩን ማን ይከፍላል? ማሳውስ ለእኩል አራሽ ተሰጥቶ ሚስቲቱ በግማሽ እህል ልጆቿን ታሳድግ ይሆን? ስለ ስንዴው ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ስለ ራሱ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቅ መኖሩ ያስደንቀናል። በሮቤና በጎባ መሥሪያ ቤቶች የሚያገለግሉት ሹማምንትና መምህራንም በዚህ ረገድ ከገበሬው አይሻሉም። ደመወዝ ከባለቤቱ ጋር አብሮ እንደሚቀበር ያውቃሉ፤ ነገር ግን ነገ እናስብበታለን ይላሉ።

የሕይወት ኢንሹራንስ ማለት ሰው በየወሩ ወይም በየዓመቱ አረቦን የሚባል ገንዘብ ለኩባንያ እየከፈለ፣ በውሉ ዘመን ውስጥ ቢሞት ኩባንያው ተጠቃሚ ተብለው ለተጻፉት ሰዎች የተወሰነ ገንዘብ እንዲከፍል የሚደረግ ስምምነት ነው። ለተወሰነ ዘመን ብቻ የሚገባ አለ፤ ሞት ሳይደርስ ዘመኑ ቢያልቅ የሚመለስ ገንዘብ የለውም፤ ስለዚህም አረቦኑ ቀላል ነው። ከቁጠባ ጋር የተያያዘም አለ፤ ዘመኑ ሲፈጸም ሰውየው በሕይወት ቢገኝ ገንዘቡን ራሱ ይቀበላል፤ አረቦኑም ከፍ ይላል። ብድር ላለበትና ሕፃናት ለሚያሳድግ ሰው በአነስተኛ አረቦን ብዙ ገንዘብ የሚያስገኘው የመጀመሪያው ይበጃል ብለን እናስባለን፤ ሻጮቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን አብልጠው ያመሰግናሉ።

ይህ ሥራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲንያ ባንክ ለውጭ አገር ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጭነት ዋስትና ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ የተባለው ኩባንያ በአገር ውስጥ ተቋቋመ። በ1967 ዓ.ም. ኩባንያዎቹ በመንግሥት ተወርሰው፣ በ1968 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተጠቃለሉ፤ ከ1986ቱ ዐዋጅ በኋላ ደግሞ የግል ኩባንያዎች እንደገና ተፈቀዱ። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ ድረስ ከሚሰበሰበው አረቦን የሚበዛው ከመኪናና ከሌላው ንብረት የሚገኝ ሲሆን የሕይወት መድን ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው። የመኪናው በሕግ ግዴታ ነው፤ ስለ ራሱ ሕይወት ግን ማንም ማንንም አያስገድድም።

ምክንያቱን ስንመረምር ድህነት ብቻ ሆኖ አናገኘውም። ወኪሉ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ «ልጄ፣ ሞቴን በስንት ልትገዛው ነው?» ብለው የሚመልሱት ሽማግሌዎች ብዙዎች ናቸው። በእስልምና እምነት ያሉትም፣ በባሌ ቁጥራቸው ብዙ ነውና፣ በውሉ ውስጥ ወለድና ቁማርን የሚመስል ነገር አለበት ብለው ይሸሹታል። ለእነዚህ ወገኖች አባላት እርስ በርስ በመረዳዳት ገንዘባቸውን የሚያዋጡበት፣ ከወለድም የራቀ «ተካፉል» የተባለው ሥርዓት ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአገራችን ስለ ተፈቀደ ሊጠይቁት ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን ሰውን ያዘናጋው እድር ነው ብለን እናምናለን። እድር ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል፣ አስከሬን ያሳርፋል፤ ክብር ይገባዋል። ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ግን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፍል፣ የማዳበሪያ ዕዳ የሚያወርድ እድር አላየንም።

አሁን ወደ ደዌው እንምጣ። በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ የጡትና የማኅፀን በር ነቀርሳ ከሁሉ ይበዛሉ። ባሌና አርሲ ግን ከዚህ በላይ የሚያሠጋቸው ሌላ አለ፤ ይኸውም የምግብ መውረጃ ቧንቧ ነቀርሳ ነው። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በዚህ ደዌ የታከሙትን ሰዎች አገር የመረመሩ ሐኪሞች ብዙዎቹ ከአርሲና ከባሌ የመጡ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ደዌው ከኢትዮጵያ በኬንያና በማላዊ አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚዘልቅ የምሥራቅ አፍሪካ መሥመር ላይ ከሌላው ዓለም በርክቶ ይታያል። ሊቃውንቱ አንድ ምክንያት ብቻ አይሰጡትም፤ የቤት ውስጥ ጭስ፣ ትምባሆ፣ አልኮል፣ ጫት፣ እጅግ የሚያቃጥል ምግብና መጠጥ ሁሉ ይመረመራሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥ በሰው ላይ ነቀርሳ ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት ነገሮች መካከል መድቦታል። ስለዚህ እመቤቶቻችን የገብሱን ገንፎና ቡናውን ጥቂት በረድ ሲል ቢያቀርቡት ከትሕትና የጎደለ መስተንግዶ ነው ብሎ የሚቀየም እንግዳ ሊኖር አይገባም።

የዚህ ደዌ ክፋቱ ዘግይቶ መታወቁ ነው። ሰውየው እንጀራው አልወርድ ሲለው ውኃ እየጠጣ ያወርደዋል፤ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ከዚያ ገንፎ ብቻ፣ ከዚያም ወተት ብቻ ይሆናል፤ በመጨረሻ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ሲደርስ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ከሮቤ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከተጀመረ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ለመላው አገር ያለው ይህ አንድ ስፍራ ብቻ ነበረ፤ እንደ ጅማ ባሉ ሌሎች ከተሞች የተጨመረው በቅርቡ ነው። ወረፋ፣ የአልጋ ኪራይ፣ የአስታማሚ ቀለብ፣ መድኃኒት እየተባለ በሬው ይሸጣል፣ ጎተራው ይጎድላል፣ ለዘር የተቀመጠውም ይወጣል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል የሆነ ሰው ከሕክምናው ወጪ ይቀልለት ይሆናል፤ ያ መድን ግን ለሕክምና እንጂ ለሙት ልጆች አይደለም። ስለዚህ በነቀርሳ የሚሞት አባ ወራ ቤተ ሰብ ከሌላው ሙት ቤተ ሰብ የሚለየው ሐዘኑ ከመምጣቱ በፊት ሀብቱ ያለቀ በመሆኑ ነው። የሕይወት መድን ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ቤት ነው፤ ነገር ግን ደዌው ከተነገረ በኋላ ኩባንያ ደጅ የሚጠና ሰው በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ጥቂት እንናገር፤ ቀላል መስሎ ብዙ የሚያበላሽ ነውና። «ነቀርሳ» በአማርኛችን ለሁለት የተለያዩ ደዌዎች ይነገራል። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢ የሚባለውን፣ በተሐዋሲ የሚተላለፈውንና በመድኃኒት የሚድነውን ሕመም ማለታችን ነው፤ «የጡት ነቀርሳ» ስንል ግን ካንሰርን ማለታችን ነው። ከአሥር ዓመት በፊት በቲቢ ታምሞ ፈጽሞ የዳነ መምህር በኢንሹራንስ ቅጽ ላይ «ነቀርሳ ነበረብኝ» ብሎ ቢጽፍ፣ መዝጋቢው በካንሰር ተርጉሞት ሊከለክለው ይችላል። በግልባጩ እናቱ በሳንባ ካንሰር የሞተችበት ሰው «በሳንባ ነቀርሳ ሞተች» ቢል ያልሆነውን ተናገረ። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ «ቲቢ» ወይም «ካንሰር» ብሎ ለይቶ መጻፍ፣ የተቻለም እንደ ሆነ ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት አብሮ ማያያዝ ይገባል። የማኅፀን በር ምርመራ ተደርጎላቸው ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ቁስል ተገኝቶ ታክመው የዳኑ ሴቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ካንሰር አልያዛቸውም፤ የታከሙትን በትክክል ይጻፉ እንጂ ያልነበረባቸውን ስም በራሳቸው ላይ አያውጡ።

ከቃሉ ወደ ሕጉ እንለፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሲተካ ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረው ክፍሉ ሳይሻር ቀርቷልና እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በ667ኛው አንቀጽ መሠረት መድን የሚገባው ሰው ኩባንያው ሥጋቱን ለመመዘን የሚያስችለውን፣ እርሱም የሚያውቀውን ነገር ሁሉ በትክክል መግለጽ አለበት። በ668ኛው አንቀጽ ደግሞ የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረ ሰው ምን እንደሚያገኘው ተጽፏል። ተንኰል ካለበት ውሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ የተከፈለውም አረቦን ለኩባንያው ይቀራል። ተንኰል ከሌለበት ውሉ ይጸናል፤ ነገር ግን ነገሩ ከሞት በኋላ ቢገለጥ ገንዘቡ በተከፈለውና ሊከፈል ይገባ በነበረው አረቦን ልክ ይቀነሳል። ለምሳሌ በዓመት 8,000 ብር ሊከፍል ይገባው የነበረ ሰው 6,000 ብር ብቻ ሲከፍል ኖሮ ቢሞት፣ ቤተ ሰቡ የ800,000 ብር ውል በእጁ ይዞ 600,000 ብር ይቀበላል ማለት ነው።

የሕጉ ቃል ግልጽ ነው፤ አስቸጋሪው የእኛ ጠባይ ነው። በአገራችን ሐኪም በአንድ ሰው ላይ ካንሰር ሲያገኝ አስቀድሞ የሚነግረው ለልጁ ወይም ለወንድሙ ነው። ዘመዶቹም «ለእርሱ እንዳይነግሩት፤ ልቡ ይሰበራል» ብለው ይለምናሉ። ለሕመምተኛው «ጨጓራ ነው» ይባላል። ይህ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አንክድም፤ መርዶ እንኳ በዘዴና በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ የሚነገርበት አገር ነው። ነገር ግን የዚህን ፍቅር ዋጋ የምትከፍለው ሚስቲቱ ናት። አባትየው ደዌውን ሳያውቅ በዚያው ወራት የሕይወት መድን ቢገባ የማያውቀውን አልደበቀምና በራሱ ንጹሕ ነው። ይሁን እንጂ ቅጹን የሞላለት፣ ወኪሉን የጠራለት፣ በተጠቃሚነትም የተጻፈው ልጁ እውነቱን የሚያውቅ ሆኖ ቢገኝ፣ ነገሩ በፍርድ ቤት የሚያከራክር ይሆናል እንጂ ገንዘቡ በቀላሉ አይከፈልም። ውል ከተፈረመ ብዙ ሳይቆይ የሚደርስ ሞት በማናቸውም አገር ይመረመራል፤ የሆስፒታሉ መዝገብ የቀኑን ቀን ይናገራል። ልብ እንዳይሰበር የተደበቀው ነገር ባልቴቲቱን ከፍርድ ቤት ደጅ ያስቆማታል።

ሌላም ጉዳት አለው። ደዌው የተደበቀበት አባ ወራ ዕዳውን አይቈጥርም፣ መሬቱን አያስተካክልም፣ ከሁለት ቤት ልጆች ያሉትም እንደ ሆነ ለማን ምን እንደሚገባ ሳይናገር ያልፋል። እኛ ለሕመምተኛው እውነቱ በርኅራኄ፣ ሽማግሌ ወይም የሃይማኖት አባት ባለበት ሊነገረው ይገባል ከሚሉት ሐኪሞች ጋር ነን። ይህን ስንል የሚቀየሙን አንባቢዎች እንደሚኖሩ እናውቃለን።

ደግሞ «አባቴ በዚህ ደዌ ስለ ሞተ እኔን ኩባንያ አይቀበለኝም» ብለው አስቀድመው የሚቀሩ ሰዎች አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ኩባንያ የሚጠይቀው ስለ ዕድሜ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ትምባሆ፣ ስለ ቀድሞ ሕመምና ስለ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ስለ ወላጆችም በስንት ዓመታቸው በምን እንደ ሞቱ ይጠይቃል። ወላጅ በጎልማሳነቱ በካንሰር ቢሞት አረቦኑ ከፍ ሊል ይችላል፤ በሽምግልና የሞተ ወላጅ ግን እምብዛም ለውጥ አያመጣም። አንድ ወላጅ በዚህ ደዌ መሞቱ ብቻውን ጤነኛውን ልጅ ከበር አያስመልስም። ስለዚህ በሲናና አባቱን በምግብ ቧንቧ ካንሰር ያጣ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ዛሬውኑ፣ ጤነኛ ሳለ፣ አረቦኑም በዕድሜው ምክንያት ቀላል ሳለ፣ እውነቱን ጽፎ ሊገባ ይገባዋል። ከሌላው ሰው ይልቅ ምክንያት ያለው እርሱ ነው።

ራሱ በካንሰር ታክሞ የዳነ ሰውስ? ለዚህ ሰው ሁሉም የሚቆጠረው በወረቀት ነው። የትኛው አካል ነበረ፣ ምን ያህል ተሰራጭቶ ነበር፣ ሕክምናው በየትኛው ወር ተፈጸመ፣ ከዚያ ወዲህ ምርመራው ምን አሳየ የሚለውን ኩባንያው ይመዝናል። ሕክምናው ገና በቅርቡ ያለቀ እንደ ሆነ «ጥቂት ዓመት ቆይተህ ተመለስ» ይባላል፤ ይህ መከልከል ሳይሆን ማቆየት ነው፤ የተባለውን ዓመት ጠብቆ መመለስ ያስፈልጋል። ዓመታት ካለፉ በኋላ በተጨማሪ አረቦን ይቀበሉታል፤ አንዳንዴም የዚያን ደዌ ሞት ከውሉ አውጥተው ሌላውን ይሸከማሉ። ኩባንያዎቻችን የሥጋቱን ከፊል ለአገር ውስጥና ለውጭ አገር ጠለፋ መድን ሰጪዎች የሚያካፍሉ ስለ ሆነ፣ ፍርዱ በአዲስ አበባ ባለው ጸሓፊ ብቻ የሚቆረጥ አይደለም። አንዱ ኩባንያ እምቢ ቢል ሌላውን መጠየቅ ነውር የለበትም። ስለዚህ ከሆስፒታል የሚሰጠውን ወረቀት ሁሉ፣ የቤተ ሙከራውን ውጤት ጭምር፣ እንደ መሬት ደብተር አድርጋችሁ አስቀምጡት።

መከልከል አንዳንድ ጊዜ መልካም ነገር ወልዷል። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በለንደን ጄምስ ዶድሰን የተባለ የሒሳብ መምህር እ.ኤ.አ. በ1706 ወደ ተቋቋመው «አሚከብል» ወደ ተባለው የሕይወት መድን ማኅበር ለመግባት ቢያመለክት፣ ዕድሜው ከ45 ዓመት አልፏል ተብሎ ተመለሰ። እርሱም ተቀይሞ በመቅረት ፈንታ እያንዳንዱ ሰው እንደ ዕድሜው መጠን ከከፈለ ሽማግሌውም ሊገባ እንደሚችል በሒሳብ አሳየ። ራሱ እ.ኤ.አ. በ1757 ቢሞትም፣ በ1762 በእርሱ ስሌት መሠረት «ኢኩይታብል» የተባለው ማኅበር ተቋቋመ፤ የዛሬው የሕይወት መድን ሁሉ ከዚያ ዘር የበቀለ ነው። በዘመናችን ደግሞ ፈረንሳዮች ከካንሰር የዳኑትን የሚጠብቅ «የመረሳት መብት» የሚሉትን ሕግ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሕክምናው ከተፈጸመ አሥር ዓመት ያለፈው ሰው የቤት ብድር መድን ሲገባ ስለ ካንሰሩ እንዳይናገር ፈቀዱለት፤ በ2022 ደግሞ አሥሩን ዓመት ወደ አምስት አወረዱት። ቤልጅየምና ኔዘርላንድስ፣ ፖርቱጋልና ኢጣልያም የየራሳቸውን አውጥተዋል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሕግ የለም፤ ስለዚህ በፈረንሳይ ከሚኖር ዘመድ ሰምቶ «አምስት ዓመት ስላለፈኝ አልጽፍም» የሚል ሰው ራሱን በ668ኛው አንቀጽ ሥር ያገባል። ሹማምንቶቻችንና የሕግ አዋቂዎቻችን ግን ነገሩን ቢመክሩበት እንወዳለን፤ ታክሞ የዳነ ሰው ዕድሜ ልኩን እንደ ሕመምተኛ ሊቈጠር አይገባውምና።

በግሉ የተከለከለ ሰው ሌሎች በሮችን ማንኳኳት አለበት። ከሁሉ የሚቀለው የቡድን መድን ነው። መሥሪያ ቤት፣ ኩባንያ ወይም ማኅበር ሠራተኞቹን በጅምላ ሲያስገባ፣ ብዙ ጊዜ እስከ ተወሰነ የገንዘብ መጠን ድረስ የጤና ምርመራ አይጠየቅም። ስለዚህ በሮቤ ወይም በጎባ የአንድ መሥሪያ ቤት ኀላፊ ወይም የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን መሪ የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ለሠራተኞቻችሁ ይህን ውል ብታስገቡ፣ ከመካከላቸው በራሱ ሄዶ ሊገባ የማይችለውን፣ ስሙንም የማታውቁትን አንድ ሰው ትረዳላችሁ። ሁለተኛው ከብድር ጋር የሚሄደው ነው። ብዙ የቁጠባና የብድር ተቋሞች ተበዳሪው ቢሞት ዕዳው በቤተ ሰቡ ላይ እንዳይወድቅ ጥቂት ገንዘብ ይቀበላሉ፤ የማዳበሪያ ብድር የምትፈርሙ ሰዎች ይህ እንዳለና እንደሌለ፣ ስለ ቀድሞ ሕመምም የሚለውን አስነብባችሁ ስሙ። ሦስተኛው ጡረታ ነው፤ መንግሥትን አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው በሕመም ምክንያት ሥራውን ቢተው አበል ያገኛል፤ ቢሞት ደግሞ የትዳር ጓደኛው የአበሉን ግማሽ ታገኛለች፤ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆችም ድርሻ አላቸው። ዘጠኝ ዓመት ከመንፈቅ አገልግሎ ሕመም ሲጀምረው በተስፋ መቁረጥ የሥራ መልቀቂያ የሚያስገባ ሰው ካለ፣ ወዳጆቹ እጁን ሊይዙት ይገባል።

በመጨረሻ ስለ ተጠቃሚው ስም እንናገር። በፍትሐ ብሔር ሕግ 827ኛው አንቀጽ መሠረት፣ ሟቹ ተጠቃሚውን ለይቶ ያልጻፈ እንደ ሆነ ወይም በደፈናው «ለወራሾቼ» ብሎ የተወው እንደ ሆነ የሕይወት መድኑ ገንዘብ ከውርሱ ጋር ይቀላቀላል። ያን ጊዜ ባለ ዕዳ ይጠይቀዋል፣ ወንድም ይከራከርበታል፣ እስኪጣራም ዓመት ያልፋል። ተጠቃሚው በስም ተለይቶ ከተጻፈ ግን ገንዘቡ ከውርሱ ውጭ ነው፤ በቀጥታ ለተጻፈው ሰው ይከፈላል። ስለዚህ «ለሚስቴ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ሙሉ ስሟ ከነአባቷና ከነአያቷ፣ በመታወቂያዋ ላይ እንዳለው አጻጻፍ ይጻፍ። የልጆቹም ስም በትምህርት ቤት መዝገብ አንድ፣ በቤት መጠሪያ ሌላ መሆኑ በአገራችን የተለመደ ነውና ይህም ይስተካከል። አዲስ ልጅ ሲወለድ ወይም ተጠቃሚው ሲሞት ኩባንያው በጽሑፍ እንዲያውቅ ይደረግ። ውሉም ከተፈረመ በኋላ በየት ሣጥን እንደ ተቀመጠ፣ አረቦኑስ በየትኛው ወር እንደሚከፈል ሚስትና ታላቁ ልጅ ይወቁት፤ የአረቦን መክፈያው ወር ደግሞ የቦና ስንዴ ከተሸጠ በኋላ እንዲሆን ከኩባንያው ጋር ቀድሞ መነጋገር ይቻላል።